ዘውድነሽና ያልጻፍኩት ካርድ

ጡረታ ከወጣሁ ገና ሁለት ወር አልሞላኝም። እውነቱን ለመናገር ወገቤ ከእኔ አምስት ዓመት ቀድሞ ነው የወጣው፤ እኔ ነበርኩ እየጎተትኩ ቢሮ የማመላልሰው። የሽኝቱ ቀን ብርድ ልብስ ሰጡኝ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ዳይሬክተሩ ንግግር አደረጉና ስሜን ሁለት ጊዜ ሳቱት። አልከፋኝም። ዕድሜ ልኬን የሰው ስም ስጽፍ ኖሬ የእኔን የሚያስታውስ ቢጠፋ ምን ይደረጋል?

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ሴት ወለደችና ልጠይቃት ሄድኩ። «እትዬ ጽጌ፣ እርስዎ ስም ሲጽፉ ነው የኖሩት፤ እስቲ ለልጄ ስም ያውጡላት» አለችኝ።

ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «ዘውድነሽ በያት።»

ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። «ውይ እትዬ! እሱ እኮ የአሮጊት ስም ነው! ገና ሳትድህ ከዘራ ላስይዛት?» ባሏም ሳቀ፣ እናቷም ሳቀች፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ሆድ ባሰኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩና ያን ሁሉ ዓመት ወደ ኋላ አየሁት። ለማንም በቅጡ ያልተናገርኩት ነገር አለ። ሰው ደግሞ ሲደክመው መደበቁም ይደክመዋል።

ሥራዬ እንዲህ ነበር። አዋሳ ውስጥ (አሁን ሐዋሳ ነው የሚሏት፣ የእኔ ምላስ ግን በድሮው ቀርቷል) ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ነበርኩ። ልጅ ሲመጣ ካርድ እከፍታለሁ፤ ሲያልፍ ሲወድቅ እሞላለሁ፤ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ መሸኛ እጽፋለሁ። ካርዶቹ በልጁ ስም የመጀመሪያ ፊደል እየተደረደሩ በእንጨት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣሉ። ከላይ በ«ሀ» ይጀምራል፣ ከታች በ«ፐ» ያልቃል። ስለ ደሞዙ አልናገርም፤ የሚነገር አልነበረም። አምስት ዳይሬክተሮች አሳልፌያለሁ። አንዱ ጯሂ፣ አንዱ አልቃሻ፣ አንዱ ከቢሮው የማይወጣ፣ አንዱ ቢሮው የማይገኝ። አምስተኛውን ነግሬያችኋለሁ፣ ስሜን የሳቱት ናቸው።

ከዚያ በፊት ዲላ አንድ ዓመት ተኩል ሠርቼ ስለነበር ሥራ የማውቅ መስሎኝ ነበር። አዋሳ የተቀበሉኝ ጋሼ መኩሪያ ናቸው። ድሮ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠሩ፣ ቀጭን፣ በዚያ የሐይቅ ዳር ሙቀት ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው። የመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ላጲሴን አዩና አነሱት። «ይኼ ያንቺ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። በመስኮቱ አሽቀንጥረው ወረወሩት።

«መዝገብ ቤት ውስጥ ላጲስ የያዘ ሰው ሌባ ነው» አሉ። «ከተሳሳትሽ በማስመሪያ አንድ መስመር ታሰምሪበታለሽ። አንድ ብቻ። የተሳሳትሽው ነገር ከመስመሩ ሥር መነበብ አለበት።»

ሁለተኛው ሕጋቸው የስም ነበር። የአንድ ልጅ ስም በማንኛውም ምክንያት ከተቀየረ ሁለት ካርድ ይጻፋል። አንዱ በአዲሱ ስም፣ ውጤቱም ሁሉም ነገር ያለበት። ሌላው በድሮው ስም፣ በድሮው ፊደል መሳቢያ የሚገባ፣ ላዩ ላይ «እገሊት በሚለው ተመልከት» የሚል ብቻ ያለበት። ያን ጊዜ ስም መቀየር ብርቅ አልነበረም። ከገጠር የመጣች የሲዳማ ልጅ ቤቷ የምትጠራበት ስም አላት፤ አስተማሪው መጥራት ይቸግረውና ሌላ ያወጣላታል። እኔ ደግሞ ሰነፍ ነበርኩ፣ ሁለት ካርድ መጻፍ ያንገሸግሸኝ ነበር። «ጋሼ፣ ልጅቷ አንድ፣ ካርዱ ሁለት፣ ምን ይሠራል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የሚፈልጋት ሰው በየትኛው ስም እንደሚፈልጋት አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ኮታቸውን እየቆለፉ «ጻፍሽ?» ሳይሉኝ አይወጡም። እኔም «ጻፍኩ» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እውነቴን ነበር።

እንግዲህ ወደ ስሙ ልምጣ። እኔ ሥራ ስጀምር የ«ዘ» መሳቢያ አልዘጋ ይል ነበር። በጉልበቴ ገፍቼ ነው የምዘጋው። ዘነበች አለች፣ ዘርፌ አለች፣ ዘሪቱ አለች፣ ግን ያን መሳቢያ ያጨናነቀችው ዘውድነሽ ናት። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ዘውድነሾች ተቀምጠው አስተማሪዋ «ዘውድነሽ ትልቋ፣ ዘውድነሽ ትንሿ፣ ዘውድነሽ ቀዮ» እያለች ትጠራ ነበር። «ሕዝቡ ምን ነክቶት ነው ሁሉም ዘውድነሽ የሚለው?» አልኳቸው ጋሼ መኩሪያን። መነጽራቸውን አወለቁ። እሳቸው መነጽር የሚያወልቁት ለቁም ነገር ብቻ ነው።

«ንጉሥ ለማሞገስ እንዳይመስልሽ። ዘውድ ራስ ላይ የሚደፋ ነገር ነው። ድሀ ራሱ ላይ የሚደፋው ምን አለው? ሴት ልጅ ስትወለድ ሰው ሁሉ ‹ምነው ወንድ በሆነ› ይላል። ያን ጊዜ አባት ‹የእኔ ዘውድ አንቺ ነሽ› ይላታል። ለሰው አይደለም የሚናገረው፣ ለራሷ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚጠራት ሁሉ ያባቷን ቃል ይደግምላታል።» መነጽራቸውን አጠለቁና ወደ ካርዳቸው ተመለሱ። እኔ ያን ጊዜ ሰምቼ አሳለፍኩት። ገና ልጅ ነበርኩ፣ ስም ለእኔ ሥራ ነው።

አብዮቱ ፈነዳ፣ ንጉሡ ወረዱ። አዲስ የተወለደ ልጅ ስም ትምህርት ቤት የሚደርሰው ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው፤ የእኛ መሳቢያ ግን ሰባት ዓመት አልጠበቀም። ወላጆች ልጆቻቸውን በር ላይ እየቀየሩ ያመጡልን ጀመር። ትናንት ዘውድነሽ ስትባል የነበረችው መስከረም ላይ ሰላም ሆና ትመጣለች። ንግሥት ነፃነት ትሆናለች፣ እመቤት እድገት ትሆናለች። ትእዛዝ የሚባል ነገር አላየሁም፤ ወረቀት የሚባል አልመጣም። ፍርሃት ነው እንጂ። ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ «ይኼ የድሮ ሥርዓት ስም» ካለ በቃ፣ ሰውየው ማታ ቤቱ ሄዶ ልጁን በሌላ ስም ይጠራል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የሶማሊያ ጦርነት ሲፋፋም፣ መስከረም ምዝገባ ላይ ከቀበሌ አንድ ካድሬ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ክፉ ሰው ነበር አልልም። ወጣት ነው፣ ለልጆቹ ከረሜላ ይሰጣል። ግን ሽጉጡን አውጥቶ ከማኅተሜ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ማኅተሜን ባነሳሁ ቁጥር እጄ ይነካዋል። ጋሼ መኩሪያ ወባ ይዟቸው ቤት ተኝተው ነበር። ወረፋው ከበሩ አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል።

በርበሬ የምትነግድ ሴት፣ እጇ ቀላ ያለ፣ አንዲት ኮንጎ ጫማ ያደረገች ልጅ ይዛ ቀረበች። የወንድሟ ልጅ ናት። እናትየዋ ስትወልዳት ሞታለች። አባትየው አናጢ ነበር፣ ሚሊሺያ ሆኖ ምሥራቅ ጦር ግንባር ሄዷል። ሲሄድ ልጁን አደራ ብሏታል። ፎርሙን ሞላሁ፤ ዘውድነሽ አየለ።

ካድሬው አንገቱን አስግጎ አነበበው። «የማን ዘውድ ናት?» አለ።

«ጌታዬ፣ እኔ አይደለሁም ያወጣሁላት፣ አባቷ ነው» አለች ሴትየዋ።

«አባቷ ለአብዮቱ ደሙን እያፈሰሰ ልጁ ዘውድ ትባላለች? አያሳፍርም?»

ሴትየዋ እኔን አየችኝ። ከኋላዋ ሰው ይገፋል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሽጉጡ ከማኅተሜ አጠገብ ነው። ነገሩ እንዲያልቅልኝ ብዬ፣ ላግዛት ብዬም ጭምር፣ «አብዮት በያት፣ ምን ችግር አለው» አልኳት። እኔው ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

«ትሁን» አለች ሴትየዋ። ማስመሪያዬን አነሳሁና በስሙ ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ። ልጅቷ እጄን ትከተል ነበር። «እኔ ዘውዴ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። አክስቷ ክንዷን ቆንጠጥ አደረገቻት።

ሁለተኛውን ካርድ አንስቼ ነበር፤ ይኼን ብቻ መዝግቡልኝ። ብዕሬን አስጠግቼ «ዘ» ብዬ ልጀምር ስል ካድሬው «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ። «ምንም አይደል» አልኩና መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ እጽፈዋለሁ አልኩ። ነገ ሌላ ወረፋ አለ። ከነገ ወዲያም አለ።

ጋሼ መኩሪያ ከአራት ቀን በኋላ ፊታቸው ገርጥቶ መጡ። «ስም የተቀየረ አለ?»

«አንዲት ልጅ አለች።»

«ሁለተኛውን ካርድ ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

እንዲህ ነው የዋሸኋቸው። ዓይናቸውን አይቼ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ሲሄዱ ማስመሪያቸውን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ፤ ያችን ልጅ ያን ጊዜ ጨርሼ ረስቻታለሁ።

ዓመታት አለፉ። አስር ዓመት ያህል። በተማሪ ብዛት፣ በስብሰባ፣ በሰልፍ፣ በኩፖን ወረፋ ያለፈ ዘመን ነው፤ ምን እንደሠራሁበት ብትጠይቁኝ ካርድ ሞላሁ ከማለት ሌላ መልስ የለኝም። የ«ዘ» መሳቢያ ቀልሎ በአንድ ጣት የሚሳብ ሆነ። የ«አ» በበኩሉ እስከ አፉ ሞላ፤ አብዮት፣ አብዮት፣ አብዮት፣ ወንዱም ሴቱም። በልጅነቴ በጉልበቴ የምገፋው «ዘ»ን ነበር፣ አሁን «አ»ን ሆነ። ጉልበቴ ግን ያው የድሮው አልነበረም።

ከሶማሊያ ምርኮኞች ተለቀው የመጡበት ዓመት ነው፤ እንደ ልማዱ መስከረም፣ እንደ ልማዱ ወረፋ። አንድ ሰው መስኮቴ ላይ ቆሙ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ የማያልፍ፣ ፊታቸው ግን የሰባ ዓመት ሽማግሌ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ልጄ፣ ዘውድነሽ የምትባል ልጅ እዚህ ተምራ ይሆን?»

«የአባት ስም?»

«አየለ። አየለ እኔ ነኝ።» ሳልጠይቃቸው ቀጠሉ። «ተማርኬ ነበር። ስመጣ እህቴ ሞታ ቆየችኝ። የነበርንበት ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል፣ ጎረቤቱም ሁሉ አዲስ ነው። ቀበሌ ጠየቅሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ጠየቅሁ። የቀረኝ ይኼ ነው። ስሄድ እህቴን አንድ ነገር ነው ያልኳት፤ ልጄን ትምህርት ቤት አስገቢያት። እህቴ አደራ አትበላም። እንግዲህ እዚህ ካለች አለች፤ እዚህ ከሌለች በሕይወት የለችም ማለት ነው።»

መሳቢያውን ሳብኩ። የቀሩት ዘውድነሾች ጥቂት ናቸው፣ አንድ በአንድ አየኋቸው። የአየለ ልጅ አልነበረችም። «የለችም» አልኳቸው።

«እስቲ ደግመሽ እይልኝ።»

ከኋላቸው ወላጆች ይጮሁብኛል፤ አንዷ «እኛ ሰው አይደለንም ወይ!» ትላለች። መሳቢያውን መልሼ ሳብኩ። ጣቴን በካርዶቹ ላይ አሳለፍኩ፤ ዓይኔ ግን ወረፋው ላይ ነበር። «አባቴ፣ የለችም አልኩዎት እኮ!»

ሰውየው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ኮፍያቸውን ደፍተው ሄዱ።

ምሳ ሰዓት ዘበኛችን አቶ ሃሜሶ መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆመ። ሲዳማ ነው፣ አማርኛውን ቀስ እያለ መርጦ ነው የሚናገረው። «ያ ሰውዬ በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እርም አወጡ» አለኝ። «ልጄ ልጄ እያሉ፣ ደረት እየመቱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ሰው ብቻውን ሲያለቅስ ዝም ብሎ ማየት ይከብዳል።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ከሌለች የለችም» አልኩትና ምሳዬን በላሁ። ሽሮ ነበር። እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፤ ሙልጭ አድርጌ ነው የበላሁት።

ጥር ላይ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መጣች። ረጅም፣ ዩኒፎርሟ በደንብ የተተኮሰ። የሚኒስትሪ ሰርተፍኬቷ ዝናብ በልቶት ማስረጃ ልታጽፍ ነው የመጣችው። «ስምሽ?» «አብዮት አየለ።» የ«አ»ን መሳቢያ እየተራገምኩ ሳብኩትና ካርዷን አወጣሁ። ከኋላው የምዝገባ ፎርሙ በስፒል ተያይዟል። ገለጥኩት። አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከመስመሩ ሥር የራሴ እጅ ጽሑፍ፤ ዘውድነሽ አየለ።

ያን ላጲስ ጋሼ መኩሪያ ባይወረውሩት ኖሮ እዚያ ቦታ ምንም አልነበረም።

ወንበሩን ይዤ ተቀመጥኩ። «ልጄ፣ ቤት ውስጥ ምን ነበር የሚሉሽ?» አልኳት።

ግራ ገባት። «አክስቴ ዘውዴ ትለኝ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ የሚጠራኝ የለም። የወሰደችኝ የአክስቴ ጓደኛ ናት፣ መናኸሪያ ጀርባ ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷ አብዮት ነው የምትለኝ።»

«አባትሽስ?»

«ሞቷል። ልጅ ሆኜ ለቅሶ ተቀምጠናል፤ ነጠላዬን አዘቅዝቀው እንዳለበሱኝ ትዝ ይለኛል።»

ነገርኳት። ምኑንም አላስቀረሁም። ሰውየው እንደመጡ፣ የለችም እንዳልኳቸው፣ በሩ ላይ እርሟን እንዳወጡ። ልጅቷ ፎርሙን ይዛ ቆማ ቀረች። «መቼ?» አለች። መስከረም ላይ አልኳት። በጣቷ ቆጠረች፤ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። «ያን ካርድ ለምን አልጻፉትም?»

«ፈራሁ።»

«ማንን?»

«እንጃ ልጄ። ካድሬውን መሰለኝ። ወረፋውንም መሰለኝ።»

ቢሮው ውስጥ ጮኸች። «ወረፋውን?!» አለች። ጎረቤት ቢሮ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። እንድትሰድበኝ ጠበቅሁ፣ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። አልሰደበችኝም። ፊቷን በፎርሙ ሸፍና አለቀሰች።

ወደ አቶ ሃሜሶ ሮጥን። የዚያን ዕለት ሰውየውን ሲያጽናናቸው ወዴት እንደሚሄዱ ነግረውት ነበር። «በሻሸመኔ መንገድ፣ የመንግሥት እርሻ። ጥበቃ ልቀጠር ነው ብለውኛል» አለ። ዳይሬክተሩን ላስፈቅድ ገባሁ፤ ያ ከቢሮው የማይወጣው ነበር። «በሥራ ሰዓት አይቻልም፣ ወይዘሮ ጽጌ» አለኝ። «እንግዲያው አልጠየቅሁህም» ብዬ ወጣሁ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከመናኸሪያ አውቶቡስ ያዝን። መንገዱን ሙሉ ልጅቷ ፊቷን ከእኔ አዙራ በመስኮት ነበር የምታየው።

የእርሻው በር ላይ አቶ አየለ በትራቸውን ይዘው ቆመዋል። አወቁኝ መሰለኝ፣ ፊታቸው ጨለመ። ቀድሜ ልጅቷን ወደ ኋላ ትቼ ተጠጋሁ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«የለችም ያልኩዎት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «አለች።»

«እርሟን አውጥቻለሁ» አሉ። ድምፃቸው ደረቅ ነው። «ተዪኝ ሴትዮ። ሁለት ጊዜ አልችልም።»

«ስሟን እኔ ቀይሬው ነው አባቴ። በዚህ እጄ። ይቺው አለች።»

ያኔ ነው ዓይናቸውን ወደ ልጅቷ ያነሱት። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «ስምሽ ማን ነው?» አሏት።

ልጅቷ አንድ ጊዜ እኔን አየችኝ። «ዘውድነሽ» አለች።

በትሩ ከእጃቸው ወደቀ። «ዘውዴ?» አሉ። «አቤት» አለች። «ዘውዴ?» አሉ ደግመው። «አቤት አባባ» አለች። ሦስተኛ ሊሏት ሲሉ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ፤ እሷም አብራ ወርዳ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እኔ ምን ላድርግ፣ የወደቀውን በትር አንስቼ ቆምኩ። እስኪነሱ ድረስ ይዤው ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አባትና ልጅ መዝገብ ቤት መጡ። አቶ አየለ ማንበብ አይችሉም። «ያን ያልጻፍሽውን አሁን ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩ፤ «ዘውድነሽ አየለ፤ አብዮት አየለ በሚለው ተመልከት።» ልጃቸው ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ካርዱን በራሳቸው እጅ መሳቢያው ውስጥ ከተቱት። ሊወጡ ሲሉ ዞር አሉ።

«ያን ቀን ደግመሽ እይልኝ ስልሽ አይተሽ ነበር?»

ባይም አላገኛትም ነበር፣ ካርዱ የለማ። ይኼን ማለት እችል ነበር። «አላየሁም» አልኳቸው።

«መስሎኝ ነበር» አሉና ወጡ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ፒያሳ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፣ ስለ ወገቤ ይጠይቁኛል። ቢቆጡኝ ምንኛ በተሻለኝ።

ልጅቷ ወረቀት ላይ አብዮት ሆና ቀረች፤ ሰርተፍኬቱም መታወቂያውም ሁሉ እንዲያ ስለሆነ መመለሱ ዳገት ሆነባት። ነርስ ሆነች። መንግሥት ሲቀየር ደግሞ ሰው በስሟ ይስቅ ጀመር፤ እኛም ዘንድ ወላጆች አብዮትን አስቀይረው ቤተልሔም፣ ሄለን ሊያስብሉ መጡ። ያን ጊዜ ማስመሪያዬን አወጣሁ፣ ለእያንዳንዷም ሁለተኛ ካርድ ጻፍኩ፣ ወረፋው ሐይቁ ድረስ ቢደርስ ግድ አልነበረኝም። «እትዬ ጽጌ፣ ሁለት ስም አለኝ፣ ሁለቱም ጊዜ አልፎባቸዋል» ትለኛለች የአቶ አየለ ልጅ እየሳቀች። ይቅር ብላኛለች። አፏን ሞልታ ነግራኛለች። ዛሬ ዛሬ የሚመዘገቡት ፌቨን ናቸው፣ ሶልያና ናቸው፣ የሲዳማ ቤተሰቦችም በገዛ ቋንቋቸው ነው የሚያስጽፉት። በመጨረሻዎቹ ዓመታቴ ዘውድነሽ የምትባል አዲስ ተማሪ ጽፌ አላውቅም። የ«ዘ» መሳቢያ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው።

አቶ አየለ አረጁ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ነገር ይጠፋባቸዋል። አንድ ቀን መስኮቴ ላይ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ሰላም ሊሉኝ መስሎኝ ነበር።

«ልጄ፣ ዘውድነሽ የምትባል ልጅ እዚህ ተምራ ይሆን?» አሉኝ።

አላወቁኝም። ወደዚያች መስከረም ተመልሰዋል። መሳቢያውን ሳብኩ፣ ያችን ካርድ አወጣሁ፣ እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። «አለች አባቴ» አልኳቸው። «አለች?» «አለች። ደህና ናት።» ካርዱን አገላበጡት፣ መለሱልኝ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ቆዩና ልጃቸው ከሥራ ስትወጣ መጥታ ወሰደቻቸው። ከዚያ ወዲህ በወር አንዴም ሁለቴም ይመጣሉ። ሁልጊዜ እንደ መጀመሪያ ነው የሚጠይቁኝ፣ ሁልጊዜም አለች እላቸዋለሁ። ደክሞኝም ቢሆን፣ ወገቤ ቆርጦኝም ቢሆን፣ ለዚያ መሳቢያ ጎንበስ እላለሁ።

በእኔ ቦታ የተተካችው ወጣት ናት፤ ስሟ እንኳ ፌቨን ነው። ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፣ የእንጨት መሳቢያዎቹም ሊወገዱ ነው ተብሏል። ስወጣ ብዙ አላስተማርኳትም፣ እሷ ከእኔ በላይ ታውቃለች። «የ‹ዘ› መሳቢያ ይቀመጥልኝ» ብቻ አልኳት። «አንድ ሽማግሌ ከመጡ ኮምፒውተሩን አትዪ።» አንገቷን ነቀነቀች፤ ስልኳን እየነካካች ስለነበር መስማቷን እንጃ።

ዛሬ ጠዋት ደወለችልኝ። «እትዬ፣ እነዚያ ሽማግሌ መጥተው ነበር» አለች።

የመስከረም ምዝገባ ላይ ናቸው፣ ወረፋውን አውቀዋለሁ። «ምን አልሻቸው?»

«ካርዱን አውጥቼ አሳየኋቸው። አለች አልኳቸው።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«‹እስቲ ደግመሽ እይልኝ› አሉኝ።»

«አንቺስ?»

«ደግሜ አየሁላቸዋ» አለች።